ያልተገኘውን መመዝገብ፦ የባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች የታሪክ መዝገብ
በጉብሬ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ቃል



የታሪክ ሰው ስለ እንቁራሪት ምን ይናገራል ብላችሁ የምትጠይቁ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የታሪክ ትምህርታችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ንግድ መንገድ ሲያስተምር ኖሯል፤ አውራ ጣት የማያህል ፍጥረት በዚያ መዝገብ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እኔ ግን ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከታሪክ ሙያ እምብርት የሚነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ጠፋ ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል? አለ ለማለት አንድ ናሙና ይበቃል። ጠፋ ወይም ቀነሰ ለማለት ግን ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ጊዜ ፈልጎ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ የሚናገር ጽሑፍ ያሻል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአገራችን ብርቅ ነው። ከተገኘባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የባሌ ተራሮች ሲሆኑ፣ የተጻፈውም ስለ እንቁራሪቶች ነው። ስለዚህ ዛሬ የአራት ዝርያዎችን ታሪክ እተርካለሁ፤ ከዚያም ወደዚህ ወደ ጉራጌ ምድር እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ደጋ በስምጥ ሸለቆው ለሁለት የተከፈለ ነው። ከሸለቆው በስተምሥራቅ ከሚገኙት ተራሮች ዋነኛው ባሌ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከሰፊው የሳነቴ አምባ ወደ ደቡብ ሲወርዱ መጀመሪያ ጅብራና አጫጭር ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ የአስታ ጫካ፣ ከዚያ ኮሶና ጌተም የበዛበት ደን፣ በመጨረሻም ታላቁ የሐረና ደን ይገኛል። ለወፍ ይህ ሁሉ አንድ አገር ነው። ለእንቁራሪት ግን እያንዳንዱ የከፍታ እርከን የራሱ ዓለም ነው። የእንቁራሪት ቆዳ ስስና እርጥብ ነው፤ ውሃና ጨው የሚያስገባውና የሚያስወጣው፣ ከትንፋሹም ከፊሉን የሚያገኘው በዚያ ቆዳ ነው። ስለዚህ በደጋ ጭጋግ የለመደ እንቁራሪት በረሃውን ተሻግሮ ወደ ሌላ ተራራ ሊሄድ አይችልም። ተራራው በደረቅ ቆላ የተከበበ ደሴት ይሆንበታል። ዝርያዎቹ በደሴታቸው ላይ ለረጅም ዘመን ተለይተው ስለኖሩ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ጠባይ አወጡ። ከስድሳ ከሚበልጡት የኢትዮጵያ እንቁራሪት አስተኔዎች ከሦስት አንዱ በላይ በሌላ አገር የማይገኙ መሆናቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ብርቅዬ ያደረጋቸው ይኸው መለየት ለአደጋም ያጋልጣቸዋል፤ ደሴቱ ከተበላሸ መሸሻ የላቸውምና።

አሁን ወደ መዝገቡ ታሪክ ልግባ። የአገራችን ሰው እንቁራሪትን አያውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። አማርኛ እንቁራሪት፣ ጓጉንቸርና ጉርጥ የሚሉ ስሞች አሉት። በኦሪት ዘጸአት በግብፅ ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች አንዱ የጓጉንቸር መዓት መሆኑን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ የግዕዙ መዝሙረ ዳዊትም ቈርነናዓት እያለ ይጠራቸዋል። ገበሬው ከጩኸታቸው ስለ ዝናብ ይገምታል፤ እረኛው በየትኛው ጨፌ እንደሚበዙ ያውቃል። ይህ ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቀን የለውም። አያት ለልጅ ልጁ «በእኛ ጊዜ ይበዙ ነበር» ሲል የሚነግረው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ ብሎ የሚጠይቅን ሰው አይመልስም።

ቀን ያለው መዝገብ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የአውሮፓ ኃይሎች በምሥራቅ አፍሪካ በሚሻኮቱበት ዘመን ነው። ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ በልት ማረፊያ ለጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቦታ ሰጥተው ነበር። የጣቢያው መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞተ፤ በእርሱ ቦታ ሐኪሙ ቪንቼንዞ ራጋዚ ተተካ። የዛሬው ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ የተባለው የዛፍ እንቁራሪት የዚህን ሐኪም ስም ይዞ በ1896 ተመዘገበ። ልብ በሉ፤ ዓመቱ የዐድዋ ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ የዛፍ እንቁራሪት በላምቤርቶ ቫኑቴሊ ስም ተሰየመ፤ ቫኑቴሊ መሪው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1897 በተገደለበት የኦሞ ጉዞ አባል የነበረ መኮንን ነው። ሁለቱንም የገለጻቸው በሎንዶን የብሪታንያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቡላንዤ ነበር። ከ1899 ጀምሮ በአገራችን የተዘዋወሩት ጀርመናውያን ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማንም በ1924 ሁለት የደጋ እንቁራሪቶች በስማቸው ተጠርተውላቸዋል።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ ስናነብ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው፣ የዚያ ዘመን ዝርያዎች አብዛኞቹ የእንግዳ ስም መሸከማቸው ነው፤ ያገኛቸው መንገደኛ ይታወሳል፤ ቦታውን ያሳየው እረኛ አይታወስም። ሁለተኛው ለዛሬ ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። መንገደኛው የሚሰበስበው ያገኘውን ነው። አልኮል በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ የገባው እንስሳ፣ «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ጊዜ ነበርሁ» ብሎ ይመሰክራል። ስንት ነበራችሁ ብትሉት ግን አይመልስም። ሙዚየም የመኖር መዝገብ ነው፤ የመብዛትና የማነስ መዝገብ አይደለም።

ከአራቱ ዝርያዎቻችን የመጀመሪያው ወደ መዝገብ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን፣ በ1926 እና በ1927፣ የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በአንድ የከተማው ጋዜጣ ድጋፍ አንድ የጉዞ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። መሪው ዊልፍሬድ ኦስጉድ የአጥቢ እንስሳት ሊቅ ነበር፤ የወፎች ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲ ፉወርቴስም አብሮት ነበር። የቡድኑ ዓይን በአጥቢዎችና በአዕዋፍ ላይ ነበር። በ1932 አርተር ሎቨሪጅ አንዲትን ትንሽ የኢትዮጵያ ጉርጥ በኦስጉድ ስም መዘገባት። የኦስጉድ ጉርጥ የምንላት እርሷ ናት። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ትኖር ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሷ ለአርባ ዓመት ያህል እምብዛም የተባለ ነገር የለም።

ለውጡ የመጣው በዩኒቨርሲቲ በኩል ነው፤ ይህን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስናገር ደስ ይለኛል። ማልኮም ላርገን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር ነበር። አንድ ጊዜ አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ስላልነበረ ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ መመለስ ቻለ። ከ1971 ጀምሮ እርሱና የሥራ ባልደረቦቹ ወደ ባሌ የሄዱባቸው ጉዞዎች፣ ኋላ እንደምናየው፣ አሁን በእጃችን ላለው ማስረጃ መነሻ ሆኑ።

ሁለተኛው ዝርያ የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው። በ1978 የብሪታንያ ሙዚየሟ አሊስ ግራንዲሰን አንድ አዲስ የባሌ ጉርጥ ገልጻ ለላርገን መታሰቢያ የማልኮም ጉርጥ አለችው። ይህ ፍጡር ስለ መራባት የምናውቀውን ሁሉ የሚፈትን ነው። የአብዛኞቹ እንቁራሪቶችና ጉርጦች ልማድ የታወቀ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፣ ወንዱ ከውጭ ያዳብረዋል፣ ጭራ ያለው እጭ ውሃ ውስጥ እየዋኘና እየተመገበ ያድጋል። በማልኮም ጉርጥ ግን ጽንሱ የሚጀምረው በሴቷ ሆድ ውስጥ ነው። ሴቷ የዳበረውን እንቁላል በኩሬ ሳይሆን በእርጥብ መሬት ላይ፣ በሣርና በቅጠል ሥር ታኖረዋለች፤ ብዙ ሴቶች እንቁላላቸውን በአንድ ስፍራ ያከማቻሉ። እጮቹም ዋኝተው አያውቁም፤ በውስጣቸው ባለው አስኳል እየተመገቡ እዚያው በየብስ ላይ ይለወጣሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ማርቫሊ ዌክ በ1980 ይህን ጠባይ በዝርዝር አጠናችው። የታንዛኒያ ዘመዶቻቸው ልጆቻቸውን በሕይወት ይወልዳሉ፤ የኦስጉድ ጉርጥ ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚያድግ እጭ አላት። ስለዚህ የማልኮም ጉርጥ በውሃ በመራባትና በመውለድ መካከል ያለውን መንገድ በሕይወቱ የሚያሳይ ምስክር ሆኖ ታየ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሌሊት ውርጭ በሚመታው አምባ ላይ፣ ማንም ሳያየው እንዲህ ያለ ሥርዓት ይኖር ነበር።

ሦስተኛው በ1989 ተመዘገበ። ላርገንና የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚው ሮበርት ድሩውስ አጭር ራስ፣ አጫጭር እግርና ድቡልቡል ሰውነት ያለው፣ በድንጋይና በወደቀ ግንድ ሥር የሚኖር እንቁራሪት ከሐረና ቁልቁለት ገለጹ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሠራ በነበረው በክሪስ ሂልማን ስም ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ ብለው ጠሩት። አራተኛውን ላርገን በ1991 ገለጸ፤ ኤሪካባትራኩስ ባሌኤንሲስ ይባላል። ስሙ ሲፈታ «የባሌ የአስታ እንቁራሪት» እንደማለት ነው፤ ኤሪካ የአስታ ሳይንሳዊ ስም ነውና። ይህ ትንሽ እንቁራሪት በአስታ ጫካ ውስጥ በሚወርዱ ፈጣን ጅረቶች ዳር ይኖራል። ከአራቱ እያንዳንዱ በአንድ ወቅት የወገኑ ብቸኛ ዝርያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከእነዚህ አንዱ ሲጠፋ ከቤተሰብ አንድ ልጅ ሞተ ማለት አይደለም፤ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ ደረስን። ዴቪድ ጋወርና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ያሉበት ቡድን፣ ከ1971 እስከ 2009 ወደ ባሌ የተደረጉ 15 የመስክ ጉዞዎችን መዝገብ አሰባስበው በሳይንሳዊ መጽሔት አወጡ። መለኪያቸው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ውስጥ ያገኘው እንቁራሪት ስንት ነው? ለምሳሌ ሦስት ሰዎች ለሁለት ሰዓት ቢፈልጉ ስድስት የሰው ሰዓት ይሆናል፤ 12 እንቁራሪት ቢያገኙ በሰው ሰዓት ሁለት ማለት ነው። ምንም ባያገኙ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ዜሮውም ይጻፋል። በዚህ መለኪያ የ1970ዎቹ ሰውና የ2000ዎቹ ሰው፣ ተገናኝተው የማያውቁ ቢሆኑም፣ ሊነጻጸሩ ቻሉ።

ውጤቱ የሚከተለው ነው። የኦስጉድ ጉርጥ ከ1995 ወዲህ በእርግጠኝነት የታየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአስታው እንቁራሪት መጀመሪያ ከተገለጸበት ቦታ የጠፋ ይመስላል። በዚያው ቦታ የሂልማን እንቁራሪት ቀንሷል። የማልኮም ጉርጥም ቢያንስ በአንዳንድ ስፍራዎች አንሷል። ዓመታቱን አስተያዩአቸው። የአስታው እንቁራሪት ስም ያገኘው በ1991 ነው፤ ከተሰየመበት ቦታ የመጥፋቱ ዜና የተጻፈው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አንድ ሕፃን ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ዝርያ ስም ተቀበለ፣ ከስሙ ቦታም ታጣ። ደግነቱ ከሁሉም ስፍራ አልጠፋም፤ ተመራማሪዎች አዲስ ናሙና አግኝተው በ2014 የዘር ሐረጉን በዘረ መል ጥናት ማውጣት ችለዋል። ያም ሆኖ እርሱና የሂልማን እንቁራሪት በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተሰልፈዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጸሐፊዎቹ መመናመኑን ከመኖሪያው መጎዳት ጋር ያያይዙታል። ሰፈራ በዝቷል፤ ከብት በጅረት ዳር ይግጣል፤ ዛፍ ለማገዶና ለአጥር ይቆረጣል፤ አስታው ለግጦሽ ሣር ሲባል ይቃጠላል። በ2000 መጀመሪያ በባሌ ደኖች የተነሣውን ታላቅ ቃጠሎ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከዚህ ሌላ ኪትሪድ የሚባለው ፈንገስ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳይንስ የታወቀው ይህ ተውሳክ የእንቁራሪትን ቆዳ ይይዛል፤ የጨው ሚዛኑን አዛብቶ ልቡን ያቆማል። በመካከለኛው አሜሪካና በአውስትራሊያ ብዙ ዝርያዎችን ፈጅቷል። በ2012 የታተመ ጥናት ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋዎች በብዙ ስፍራና በብዙ ዝርያ ላይ መኖሩን አሳይቷል። ይሁንና በባሌ በእርሱ ምክንያት የሞተ ወይም የሚያጣጥር እንቁራሪት አልተገኘም። ስለዚህ ፈንገሱ አለ እንላለን፤ ገደለ አንልም። የታሪክ ተማሪ በአንድ ቦታ መገኘትንና ጥፋት ማድረስን ለይቶ ማየት አለበት፤ ፍርድ ቤትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በመኖሪያው መጎዳት ላይም የምንፈርደውን ፍርድ ልናስብበት ይገባል። የባሌ አርብቶ አደር ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት ከብቱን በወቅት እየለየ ወደ ደጋው ግጦሽ ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። እንቁራሪቶቹም በዚያ ሁሉ ዘመን ነበሩ። አዲሱ ነገር ሰው በተራራው መኖሩ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ መቆየቱና ቁጥሩ መብዛቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የመሬት ጥበት፣ የመንገድ መከፈትና የመንግሥታት መለዋወጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ሁላችንም ኮርተናል። ኩራቱ ሙሉ የሚሆነው ግን እዚያ የሚኖረው ሰው የቅርሱ ባለቤት እንጂ ተከሳሽ ሳይሆን ሲቀር ነው።

የመዝገብን ዋጋ ከጎረቤት አገር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በታንዛኒያ የኪሃንሲ ፏፏቴ በሚረጨው ጤዛ ብቻ የሚኖር አንድ ትንሽ ጉርጥ በ1996 ተገኘ፤ በ1999 ተመዘገበ። የኤሌክትሪክ ግድቡ በ2000 ውሃውን ሲቀይስ ጤዛው ቆመ። ጉርጡ የተመናመነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ በ2009 በተፈጥሮ መኖሪያው ጠፍቷል ተባለ። ነገር ግን አስቀድሞ የታወቀና የተቆጠረ ስለነበር 500 ያህሉ ተይዘው ወደ አሜሪካ መካነ እንስሳት ተወስደው ተራብተዋል። ከ2012 ጀምሮ ወደ ገደላቸው መመለስ ጀመሩ። ከግድቡ በፊት ማንም ባያያቸው ኖሮ ያው ውሃ ይቀየስ፣ ያው ጉርጥ ይሞት ነበር፤ ልዩነቱ ማንም አለማወቁ ብቻ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ጉብሬ ልመለስ። ከዚህ በስተምሥራቅ የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ይታየናል። በዚህ በኩል የሚወርደው ውሃ በዋቤ አድርጎ ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ይሄዳል፤ በቡታጅራ በኩል የሚወርደው በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ይህም ተራራ እንደ ባሌ በቆላ መካከል የቆመ የደጋ ደሴት ነው። ምድሩ ደግሞ የእንሰት ምድር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዊልያም ሻክ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ነበር የጠራው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ያው ማልኮም ላርገን አንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ እንቁራሪት ሲመዘግብ አፍሪክሳሉስ ኤንሴቲኮላ አላት፤ «በእንሰት የምትኖር» ማለት ነው። ሕዝቡም እንቁራሪቷም በአንድ ተክል ስም ተጠሩ። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ጉድጓድ ዝናብና ጤዛ ያቁራል፤ በጋ ሲሆን ለእንዲህ ያለ ስስ ቆዳ ፍጡር መጠለያ ነው። በእንግሊዝኛ የተለመደው መጠሪያዋ ግን የሙዝ እንቁራሪት የሚል ነው። እንሰትን በውጭ ሰው ዓይን «ሐሰተኛ ሙዝ» ያደረገው ልማድ እንቁራሪቷንም ከአሰቱ ነጥቆ ለሙዝ ሰጣት። ላቲኑ ለእኛ ይበልጥ ታማኝ ሆነ።

እንቁራሪቷ የምትታወቀው ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባሉ የደቡብ እርጥብ ደኖች ስለሆነ በጉብሬ ጓሮ ሁሉ አለች አልልም። የምለው ሌላ ነው። በአገራችን ደጋ ገና ያልተነበበ ብዙ አለ። በ2021 ብቻ ተመራማሪዎች አንድ ዝርያ ሲባሉ ከኖሩት የኢትዮጵያ የሣር እንቁራሪቶች መካከል አራት አዳዲስ ዝርያዎችን ለይተው ሰይመዋል። ስማቸው ገና ያልተጻፈ ነገሮች በሚኖሩበት አገር፣ ጓሮው ከእንሰት ወደ ጫትና ወደ ባሕር ዛፍ ሲለወጥ፣ ጨፌው ደርቆ ሲታረስ፣ ምን እንደሚሄድ አስቀድሞ መጻፍ የእኛ ሥራ ነው። በሰፈሩ መካከል የሚዘረጋውን ጀፎረ ትውልድ ለትውልድ ሳያርስና ሳያጥር ያቆየ ሕዝብ የጋራ ነገርን መጠበቅ ከውጭ የሚማረው አይደለም። የጎደለን ጥበቃው ሳይሆን ቀን ያለው መዝገብ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጅረት ወይም አንድ ጨፌ ምረጡ። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ፣ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው የሌሊት ሰዓት ሂዱ። አራት ነገር ጻፉ፦ ቦታው የት እንደሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ስንት ሰው ለስንት ሰዓት እንደፈለገ፣ ምን እንደታየና ምን እንደተሰማ። እንስሳውን መያዝ አያስፈልግም። ፈንገሱን ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው እንዳታዛምቱ ጫማችሁን አጥባችሁ አድርቁ። የአካባቢውን ሽማግሌና እረኛ ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ስም በቋንቋቸው ጻፉ፤ መቶ ዓመት የመንገደኛ ስም ሲጻፍ ኖሯልና የቦታው ስም ተራ ይድረሰው። ከሁሉም በላይ ምንም ያላገኛችሁበትን ሌሊት አትተዉ። ተማሪ ዜሮ ማስመዝገብ ያፍራል፤ ሥራ ያልሠራ ይመስለዋል። በባሌ መዝገብ ውስጥ ብዙ የተናገሩት ግን እነዚያ ዜሮዎች ናቸው።

«እንቁራሪት ለምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተባይ ይበላል፣ ለወፍና ለእባብ ምግብ ይሆናል፣ የውሃውን ጤንነት ይጠቁማል ብዬ ልመልስ እችላለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። የታሪክ ሰው መልስ ግን ከዚህ ይለያል። የአክሱምን ጽሑፍ ለምን ይጠቅማል ብለን አንጠይቅም፤ በሌላ ቦታ ስለማይገኝና አንዴ ከተሰበረ ስለማይጻፍ እንጠብቀዋለን። የማልኮም ጉርጥ በባሌ አምባ ላይ የያዘው ሥርዓትም በሌላ ቦታ የማይገኝ፣ አንዴ ከጠፋ የማይመለስ ጽሑፍ ነው። ከድንጋዩ ጽሑፍ ጋር ያለው ልዩነት ራሱን በየዓመቱ እንደገና መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው፤ ለዚያም የሚያስፈልገው እርጥብ መሬት፣ ያልተረገጠ ሣርና ጭጋግ ብቻ ነው።

የኦስጉድ ጉርጥ ዛሬ በሆነ ሸለቆ ውስጥ ትኖር ይሆናል። እኔም እንድትኖር እመኛለሁ። ይህን ተስፋ በቁም ነገር የሚያስይዘን፣ መጥፋቷንም ቢሆን በሐቅ የሚያስነግረን፣ ፈልገው ያላገኙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሰዓታቸውን መጻፋቸው ነው። ከጉብሬ የሚወጣው ምሁር በዚህ ይታወቅ ዘንድ እመኛለሁ፤ ያገኘውን እንደሚመዘግብ ሁሉ ያጣውንም በታማኝነት የሚመዘግብ።